ኮረሪማ የጠቀለልኩበት ደብተር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። አንቺ እዚያ ጆንያ ላይ አትቀመጪ፣ የማረቆ በርበሬ ነው፣ ሲያስነጥስሽ ነው የሚውለው። አግዳሚው ላይ ለሁላችሁም ቦታ አለ። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ የተውኩ ሰው ነኝ፤ እንደ እናንተ አሳምሬ አልናገርም። ግን ስለ አንድ ቀን ልነግራችሁ ፈልጌ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ያለፈው ሰኔ ነው። ሱቄንና ሳሎናችንን የሚለየው ግድግዳ ጣውላ ነው፣ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ የተተነፈሰው እዚህ ይሰማል። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ፣ ሻዬን ይዤ፣ ሳሙናዎቹ አጠገብ ቁጭ እንዳልኩ የምራቴ የፈትሂያ ድምፅ መጣ። ባሏ፣ ልጄ ራምዚ፣ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ እሷ ስትቆጣ ድመቷም ትወጣለች። «ደብተር እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ? ተናገሪ እንጂ!» ትላለች። የልጅ ልጄ ሲና ታለቅሳለች። «እሷ ናት እማዬ! ትናንት አሳዪኝ ብላኝ እንቢ ስላት አኩርፋ ነበር። አውቃ ነው፣ ፈተናው ሊደርስ ሲል አውቃ ነው!» ከዚያ የሰፍያ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፦ «እኔ አልወሰድኩም።»

ሰፍያ የሟች ባለቤቴ የወንድሟ ልጅ ናት። አባቷ ሳላሀዲን ማረቆ ውስጥ፣ ቆሼ ከተማ፣ በርበሬ ያመርታል። ልጅቷ በተከላና በለቀማ መካከል ትምህርቷ እንዳይበላሽባት ብሎ ከሁለት ዓመት በፊት ቡታጅራ እኔ ዘንድ አስቀመጣት። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከሲና ጋር እኩል ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ የክልሉ ፈተና አራት ቀን ቀርቶታል። ሲና ስታጠና ሰፍያ ዕቃ ታጥባለች፤ ሲና ስትተኛ ሰፍያ ታጠናለች። እንዲህ እንዲሆን ማንም አልወሰነም፣ ብቻ እንዲህ ሆነ።

ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም ደብተሩ የት እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ነኝ የቀደድኩት።

ፌስታል ይከለከላል ከተባለ ወዲህ ወደ ድሮው ወረቀት መመለሴን አይታችኋል። ያለፈ ዓመት ደብተር በኪሎ እገዛለሁ። የቤቱን አሮጌ ደብተር ደግሞ ልጆቹ ሳሎኑ መስኮት ሥር ይቆልሉልኛል፤ ሲያልቅብኝ ከዚያ አነሣለሁ። ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ጠምዝዤ፣ ታቹን ካጠፍኩት እርድም ኮረሪማም ሳይንጠባጠብ ቤት ይገባል። ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ቀን፣ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ወረቀት አለቀብኝ። ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ገባ ብዬ ከመስኮቱ አካባቢ አንዱን አነሣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከክምሩ ውስጥ አልነበረም፣ ከላይ በኩል መስኮቱ ላይ ነበር። በካኪ የተሸፈነ ነበር። ሽፋኑ አዲስ እንደሆነ እጄ አውቋል። ገለጥ ሳደርገው እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ አላነበውም። የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሲና ጓሮ ነበረች፣ ጮክ ብዬ ብጠራት ትመጣ ነበር። አልጠራኋትም። ሽፋኑን ገፈፍኩና ከኋላ በኩል መቅደድ ጀመርኩ።

ታዲያ ለምን ወዲያው ተነሥተህ አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ፈትሂያ በደብተር ወረቀት ከሰል ስታቀጣጥል አግኝቻት «ፊደል ያለበት ወረቀት እንዲህ ይደረጋል ወይ?» ብዬ በልጆቹ ፊት ገሥጫት ነበር። ምራቱን እንዲህ የገሠጸ አማት አሁን ገብቶ ምን ይበል? ሻዬን ልጨርስና እናገራለሁ አልኩ። ሻዬን ጨረስኩ። ከጣውላው ወዲያ ፈትሂያ «ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ዛሬውኑ አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ» ስትል ሰማሁ። ያን ጊዜም አልተነሣሁም። ደብተሩን ካመጣሁላቸው ነገሩ በራሱ ይበርዳል፣ ማንም ምንም ማለት አያስፈልገውም ብዬ አሰብኩ። ሱቁን ዘጋሁና ወጣሁ። በገበያ ቀን ሱቅ ዘግቼ አላውቅም።

ግማሹ ደብተር ሱቁ ውስጥ ነበር። የጎደለው የመጨረሻው ነው፤ መምህራቸው ከፈተናው የማይቀር ነው ያላቸው ትምህርት ያለው እዚያ ነው ስትል ሲናን ሰምቻታለሁ። በዋዜማው ማታ ከሰባት ሰው በላይ አልገዛኝም፤ ማን ምን እንደገዛ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ፊት የሄድኩት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቤት ነው፤ የሃምሳ ብር ኮረሪማና የሠላሳ ብር እርድ ወስዳለች። ቤቷ ከገበያው በላይ ነው፤ ጭቃውን ተሻግሬ ስደርስ በረንዳዋ ላይ ቅመም ትለቅማለች፤ የእኔ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ከጎኗ ልጇ ኢዮብ ቁጭ ብሏል፤ ጉብሬ አጠገብ ካለው ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ ነው።

«ጋሽ ከማሉ! በጠዋቱ? ኮረሪማዬን መልሺ ሊሉኝ ነው?» አለችኝ።

«ወረቀቱን ነው የምፈልገው።»

«ይኸው ጉድ! ኮረሪማውን ሸጠው ወረቀቱን ያስመልሳሉ። ለነገሩ ዘንድሮ ወረቀቱም ሳይወደድ አልቀረም።»

ኢዮብ ወረቀቱን አንሥቶ አቧራውን እፍ አለና ሳቀ። «እማዬ፣ ኮረሪማ ከነሰዋስው ነው እኮ የገዛሽው። ፓሲቭ ቮይስ ነው።» ምን ማለት ነው አልኩት። እንዲያው እግሬ እንዲያርፍ ያህል ነበር የጠየቅሁት። ልጁ ግን ማስተማር ይወዳል፣ ወንበር ሳበልኝ።

«ቀላል ነው ጋሼ። ‘ከማሉ በጉን አረደ’ እንበል። አድራጊው እርስዎ ነዎት፣ ፊት ይቆማሉ። አሁን በጉን ወደ ፊት እናምጣው፦ ‘በጉ ታረደ’። በአማርኛ ‘ተ’ን ጨመሩና ጨረሱ። እንግሊዝኛው ግን ረዳት ግሥ ይፈልጋል። ላለፈ ነገር አንድ ከሆነ ‘ዋዝ’፣ ብዙ ከሆነ ‘ወር’፤ ለአሁን ‘ኢዝ’ እና ‘አር’። ዋናው ግሥ ደግሞ ሦስተኛ መልኩን ይይዛል። ‘ቴር’ የነበረው ‘ቶርን’ ይሆናል። ይኸው እዚህም ተጽፏል፣ ‘ዘ ሌተር ዋዝ ቶርን’፣ ደብዳቤው ተቀደደ።»

«ከማሉስ የት ሄደ?» አልኩት።

«ከፈለጉ መጨረሻ ላይ ‘ባይ ከማሉ’ ብለው ያስገቡታል። ካልፈለጉ ይተዉታል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያለ እሱም ሙሉ ነው።»

«መቼ ነው የሚተወው?»

«አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር። ወይም ከሰውየው ይልቅ የሆነው ነገር ሲበልጥ፤ ‘መንገዱ ተሠራ’ ሲባል ማን አካፋ እንደያዘ ማንም አይጠይቅም። ወይ ደግሞ...» አለና አገጩን እያሻሸ ሳቀ፣ «ያደረገው ሰው ስሙ እንዲነሣ ሳይፈልግ ሲቀር።»

ዘርፈሽዋል «እንዲህ ያለውንማ ሳይማሩም ሁሉም ያውቀዋል» አለች። እኔ አልሳቅሁም። ወንበሩ ጠበበኝ። ኢዮብ ፊቴን አይቶ የጎደለ ቅጠል ካለ ይንገሩኝ፣ ራሴ እጽፍልዎታለሁ አለኝ። ደግ ልጅ ነው። አራት ቅጠል ይዤ ወጣሁ፤ ሁለቱ እርድ ጠጥተው ቢጫ ሆነዋል።

ልብስ ሰፊው ሀብተጊዮርጊስ ጋ ደረስኩ። በዋዜማው ለሻዩ ስኳር ገዝቶኝ ነበር፤ ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሦስት ሰው ከገባ አንዱ የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱን ፈልጌ ዙሪያውን ሳማትር፣ ለካ እሱ የሕፃን ኮሌታ ልክ ቆርጦበታል። ከጨርቅ ጋር በመርፌ ተይዟል።

«እንግሊዝኛ የሚናገር ሸሚዝ ልሰፋ ነበር፣ አቋረጡኝ» አለ መርፌዎቹን እየነቀለ። ቁርጥራጩን ሁሉ ከመሬት ለቅሞ ሰጠኝና «የማን ነው?» አለኝ።

«የሲና። በስሕተት ተቀዶ ነው።»

«በፈተና ሰሞን! የትኛው ጅል ነው የቀደደው?»

አፌን ከፈትኩ። ሀብተጊዮርጊስ ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው፣ ለእሱ እንኳ ብነግረው ይስቅብኝና ያልፍ ነበር። «ቤት ውስጥ ነው፣ ልጆች...» አልኩ። ልጆች። ሌላ ልጅ የለም እኮ፣ ሁለት ናቸው። ሀብተጊዮርጊስም ወዲያው «ያቺ የቆሼዋ ናት?» አለ። አንገቴን ነቀነቅሁ ልበላችሁ ወይስ አልነቀነቅሁም፣ አሁንም ለራሴ በደንብ አይታየኝም። ብቻ አይደለችም አላልኩም። መቀሱን አነሣና ሥራውን ቀጠለ።

ሌሎቹን ሁሉ አልዘረዝርላችሁም። ሚጥሚጣ የተጠቀለለበትን አንድ ሥጋ ቤት አገኘሁት፣ ዐይኔን አቃጠለኝ። ሻይ ቤት ያላት ውድነሽ ደግሞ «ወረቀት? እሳት ሥር ነዋ ጋሼ፣ ምን ላድርግልዎት» አለችኝ፤ አመዱን አሳየችኝ። ያሉትን ይዤ ወደ ኢዮብ ተመለስኩ። ልጁ ተንበርክኮ የጎደለውን ሠንጠረዥ፣ ለአሁን፣ ላለፈ፣ ለሚመጣ ብሎ፣ በአዲስ ወረቀት አሳምሮ ጻፈልኝ። የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ሲል ጨረሰ። እዚያው ሠፈር መስጊድ ገብቼ ሰገድኩ። ስሰግድ ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል።

ቤት ስገባ ሲና እየሮጠች መጥታ እጄን ሳመች፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዘለለች። ፈትሂያ «አልሐምዱሊላህ! አባባ ከየት አገኙት?» አለችኝ። ልጆቼ፣ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ልጅቷ ተደስታለች፣ ምራቴ ለስልሳለች፣ እኔ ደክሜ ጭቃ ለብሻለሁ፤ ማን ይቆጣኝ ነበር? እኔ ግን «ሱቅ ከአሮጌው ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ነበር» አልኩ። ይህችን ብቻ። ፈትሂያ እጇን በእጇ መታች። «እሷ ናታ! ወስዳ ሱቅ ወረቀት ውስጥ ከታው፣ ሽማግሌውን በጭቃ ስታዞር ዋለች! እንኳንም ሸኘኋት።»

«ማንን?»

«ከአንድ ሰዓት በፊት መናኸሪያ ሄደች። ለአባቷም ደውዬ ነግሬዋለሁ።»

ዞር ብዬ የምትተኛበትን ማዕዘን አየሁ። ፍራሿ ተጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሷ በአራት ታጥፎ ከላዩ ተቀምጧል። ተቆጥቶ የሄደ ሰው እንዲህ አያጥፍም። ሻንጣም አልነበራትም፣ የስኳር ከረጢቴን ነው አጥባ የያዘችው።

የሠፈራችን ባጃጅ ነጂ አስረስ ሲያልፍ አስቆምኩትና መናኸሪያ ወሰደኝ። የቆሼው ሚኒባስ እንደልማዱ አልሞላም። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ቆሼ! ቆሼ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ውስጡ ግን አምስት ባዶ ወንበር አለ። ሰፍያ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የራሷን የእንግሊዝኛ ደብተር ታነባለች። ከዘመድ ቤት ተባርራ፣ ፈተና ወደማትፈተንበት ከተማ እየሄደች፣ ታጠናለች። መመዝገቢያዋ ቡታጅራ ነው፤ ቆሼ ከገባች ተከላ ላይ እንደምትውል እሷም እኔም እናውቃለን።

ጎንበስ ብዬ ገባሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት ዶሮ ይዛ ገባች፣ ዶሮዋ ጮኸች፣ ረዳቱ «ዶሮዋም ትከፍላለች!» አለ፣ ሰው ሳቀ። እኔ «ሰፍያ፣ ደብተሩ ተገኝቷል» አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች። ከመጽሐፍ የምታነብ ይመስል ነበር።

«ልጄ... ደብተሩን...» ብዬ ጀመርኩ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ከተማ ስንት ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ ስንቱን ወጣት ጥፋትህን በአፍህ አውጣው፣ ይቀልልሃል ብዬዋለሁ።

እሷ ቀና አለችና አየችኝ። «አባባ፣ አይቼዎታለሁ እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ትናንት። ዕቃ ይዤ በጓሮ በር ስገባ መስኮቱ ጋ ቆመው ካኪውን ሲገፍፉ። የሲና መሆኑን የሚያውቁ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ጠዋት ያን ሁሉ ስትባይ ለምን አልተናገርሽም?»

ጣቷን የደብተሯ ገጽ መካከል አደረገችና ዘጋችው። «ሱቅ እንዳሉ አውቃለሁ። ሲያስሉ ሰምቼዎታለሁ። አሁን መጥተው ይናገራሉ ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

እንዲህ ስትል ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ከረጢቷን ከጉልበቷ ላይ አንሥቼ «ነይ ውረጂ» አልኳት። ረዳቱ «ኧረ ፋዘር፣ አንድ ሰው ቀረኝ ስል ጭራሽ ሁለት ያወርዱብኛል?» ብሎ ጮኸብኝ። ወረድን። በእግራችን ነው የሄድነው፤ ባጃጅ አልያዝኩም፣ የምናገረውን አንድ በአንድ ላስተካክል ብዬ። ከረጢቷን እኔ ተሸከምኩ። ሰው ሁሉ ያየን ነበር። እሷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ትከተለኝ ነበር።

ሳሎን ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ፈትሂያ ስሚኝ፤ ሲናም ስሚ። ደብተሩን ከመስኮቱ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሽፋኑን ገፍፌ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ስትጮሁባት ከጣውላው ጀርባ ቁጭ ብዬ ስሰማ ነበር። ይህች ልጅ ምንም አላደረገችም።»

ፈትሂያ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ቀስ እያለ ፊቷ ተለወጠ፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «አባባ» አለች፣ «እርስዎ እኮ እንዲህ ነዎት። የሰው ጥፋት በራስዎ ላይ ያመጣሉ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እኮ የምልሽ!»

«ፊደል ያለበት ወረቀት አይነካም ብለው የገሠጹኝ እርስዎ፣ የገዛ ልጅዎን ደብተር? ሽማግሌ ሰው በእግርዎ መናኸሪያ ድረስ ሄደው ... »

«ወላሂ እኔ ነኝ፣ ፈትሂያ!»

«አይማሉ አባባ፣ በእሷ የተነሣ መሐላ ውስጥ አይግቡ። በቃ ትቆይ። ለእርስዎ ስል ይቅር ብያታለሁ።» ወደ ሰፍያም ዞር ብላ «እጃቸውን ሳሚ። እንዲህ ያለ ሰው የት ታገኛለሽ?» አለቻት።

ሰፍያ አየችኝ። እኔ ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ቃል ግን የለኝም፣ ሁሉንም ብያለሁ። ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። ከረጢቷን ከእጄ ተቀብላ ማዕዘኗ ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የምሳው ዕቃ አልታጠበም ነበርና ወደ ጓሮ ወጣች።

ፈተናውን ሁለቱም ተፈተኑ፤ ሁለቱም አለፉ። ክረምቱ ሲገባ ሰፍያ አባቷን ልርዳ ብላ ቆሼ ሄደች፤ በመስከረም ልጠብቃት ስል እዚያው ተመዘገበች። ደወልኩ። ሳላሀዲን ስልኩን አንሥቶ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ከማሉ፣ ልጄ ቤትህን አውካብሃለች፣ አፉ በለኝ። አንተ ባትሆን ማን ይሸከማታል?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ሲያዳምጠኝ ቆየና «አላህ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ብሎ መረቀኝ። ሀብተጊዮርጊስም እስከ ዛሬ ሳገኘው «ያቺ የደብተሯ ልጅ ደኅና ናት?» ይለኛል፤ የቀደደችው እሷ እንዳልሆነች ስነግረው ትከሻዬን ቸብ ያደርጋል። ስሜ በከተማው ከፊቱ ይልቅ አማረ። ያውም በእሷ ስም መጥፋት።

እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ስለ እኔ ደግነት ገና ብዙ አልሰማችሁም፤ ለዚህ ነው ለእናንተ የነገርኳችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እኔ ሳልኖር እንኳ ስለ ሰፍያ ሲወራ ከሰማችሁ፣ የሲናን ደብተር የቀደደው ከማሉ ነው፣ ራሱ ነው የነገረን በሉ። አስታውሱልኝ ልጆቼ፣ አደራ።